ለሁለት ዓይነት ጆሮ አንድ ጥንድ ስፒከር

ባለቤቴ ሬጌ ይወዳል። ባስ ጊታሩ ደረቱ ላይ ካላረፈ ሙዚቃ የሰማ አይመስለውም። እኔ በዐቢይ ጾም በገና፣ በሌላው ጊዜ ክራር፣ ማሲንቆና ብቻውን የሚጫወት ፒያኖ እሰማለሁ፤ ያውም ከሚቀጥለው ክፍል የሚመጣ እስኪመስል ድረስ ዝግ አድርጌ። ሁለታችንን አንድ ሶፋ ላይ የሚያስቀምጡን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1969 እስከ 1975 አምሃ ሪከርድስ በአዲስ አበባ ያሳተማቸው ሸክላዎች ናቸው። የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ባለ አፓርታማ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሳሎናችን አራት ሜትር በአምስት ሜትር ይሆናል። ወለሉ እንጨት ነው፤ ከሥራችንም ሰው ይኖራል። እነዚህን ዝርዝሮች መጀመሪያ ያስቀመጥኩት በኋላ እንዳየነው ከሙዚቃ ምርጫችን ይልቅ የወሰኑልን እነሱ ስለሆኑ ነው።

ሁለት ዓመት ገንዘብ አጠራቅመን የገባንበት መደብር ሻጭ መጀመሪያ የጠየቀን "ምን ዓይነት ሙዚቃ ነው የምትወዱት?" ብሎ ነበር። እያንዳንዳችን የየራሳችንን ነገርነው። "እንግዲያው ሁሉን የሚችል ያስፈልጋችኋል" አለና ቁመታቸው ደረቴ ላይ ወደሚደርስ፣ በእያንዳንዱ ሳጥን ላይ ሁለት ትልልቅ የባስ ስፒከር ወደተገጠመላቸው ወሰደን። በዚያ ሰፊ አዳራሽ ሬጌ ሲከፍትልን የባለቤቴ ፊት በራ፤ በሩብ ሰዓት ውስጥ ገዛን።

ቤት ገብተው የተከፈቱ ዕለት ረከቦቱ ላይ የደረደርኳቸው ሲኒዎች መንጫጫት ጀመሩ። የሚንጫጩት ግን በሁሉም ኖታ አልነበረም፤ አንዷ ዝቅተኛ ኖታ በመጣች ቁጥር ብቻ ነው። ሌላው ባስ እንደ ነገሩ ያልፋል፣ ያቺ ስትመጣ ቤቱ ያገሳል። በገና ስከፍት ደግሞ ደርዳሪው በርሜል ውስጥ ተቀምጦ የሚጫወት ይመስል ነበር። ከሦስት ሳምንት በኋላ ገንዘብ አጉድለን መለስናቸው።

ጥፋቱ የስፒከሮቹ አልነበረም። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል። በሁለት ትይዩ ግድግዳዎች መካከል ሲመላለስ አንዳንድ ኖታዎች በራሳቸው ላይ እየተደራረቡ ይገዝፋሉ። የመጀመሪያዋን ለማግኘት 343ን በግድግዳዎቹ መካከል ላለው ርቀት እጥፍ ማካፈል ነው፦ ለአራት ሜትር 43 ኸርዝ (በሰከንድ 43 ንዝረት)፣ ለአምስት ሜትር 34 ኸርዝ ይመጣል። የባስ ጊታር ከሁሉ የወፈረው ክር ባዶውን ሲመታ 41 ኸርዝ ገደማ ነው። ቤታችን የሚያገሳው ልክ ባሱ በሚያርፍበት ቦታ ላይ ነበር ማለት ነው። እናንተም ስፒከር ከማየታችሁ በፊት ሜትር ይዛችሁ ሳሎናችሁን ለኩ፤ አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው፣ እኛን ግን ብዙ ያድነን ነበር።

የሻጩ ጥያቄ ራሱ የተሳሳተ እንደነበር የገባኝ ቆይቶ ነው። ፍሎይድ ቱል የሚባሉ ተመራማሪ በካናዳ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት፣ ኋላም በሃርማን ኩባንያ ከሾን ኦሊቭ ጋር፣ ስፒከሩን ከአድማጭ ዓይን እየጋረዱ ለዓመታት ሲፈትኑ ኖረዋል። ያገኙት ውጤት በጣም አስገርሞኛል። ሰዎች የሚሰሙትን ስፒከር ሳያዩ ሲፈርዱ ምርጫቸው ይቀራረባል። የሚመርጡትም ለቀጭኑም ለወፍራሙም ድምፅ የማያዳላውን፣ ወደ ጎን የሚረጨው ድምፅ ፊት ለፊት ከሚወጣው ጋር የሚመሳሰለውን ነው። መጋረጃው ሲነሣ ግን የሳጥኑ ግዙፍነትና የኩባንያው ስም ፍርዳቸውን ያዛባዋል። ስለዚህ "የሬጌ ስፒከር" እና "የበገና ስፒከር" ብሎ መለየቱ ብዙ አያዋጣም። ክራሩን በትክክል የሚያሰማ ስፒከር የሬጌውንም ጊታር በትክክል ያሰማል።

ታዲያ ባልና ሚስት የሚለያዩት በምኑ ነው? እኛ ቤት በሦስት ነገር ነው፦ ምን ያህል ጮክ አድርገን እንደምንሰማ፣ ባሱ ምን ያህል ዝቅ እንዲል እንደምንፈልግና የት ተቀምጠን እንደምንሰማ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የተሳሰሩ ናቸው። ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1933 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ ድምፅ ዝግ ሲል ጆሯችን ከሁሉ አስቀድሞ የሚያጣው ወፍራሙን ነው። ባለቤቴ ጮክ አድርጎ ሲሰማ ሙሉ የሆነው ስፒከር እኔ ዝግ ሳደርገው የሚከሳው ለዚህ ነው። በድሮ አምፕሊፋየሮች ላይ "ሎውድነስ" የሚል ቁልፍ ይገኝ የነበረውም ለዚሁ ነው፤ ድምፁ ሲቀንስ ባሱን ከፍ ያደርገዋል። እንግዲህ ዝግ አድርጎ የሚሰማ ሰው ባስ አያስፈልገውም ማለት ስሕተት ነው። እንዲያውም ከጮክ አድራጊው ይልቅ በቀላሉ የሚስተካከል ባስ የሚያስፈልገው እሱ ነው።

ሦስተኛው በሐበሻ ቤት የተለየ ክብደት አለው። የስፒከር መመሪያዎች አንድ ሰው መሀል ላይ ተቀምጦ፣ ሁለቱ ስፒከሮችና እሱ ጎኖቹ እኩል የሆኑ ሦስት ማዕዘን እንዲሠሩ ይመክራሉ። የእኛ ሳሎን ግን ሶፋው ግድግዳውን ተከትሎ የተደረደረ ነው። ቡና ሲፈላ ሰው በዙሪያው ይቀመጣል፣ አንዱ ሲነሣ ሌላው ይገባል። መሀል ላይ የሚቀመጠው ረከቦቱ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ቤት ወደ ጎን የሚረጨው ድምፅ የተስተካከለ ስፒከር ፊት ለፊት ብቻ ከሚያምረው ይበልጣል።

በዚህ ሚዛን አራት ምርጫዎችን አነጻጸርን።

የመጀመሪያው የእንግሊዙ ኬኢኤፍ ኤልኤስ50 ሜታ ነው። በ2020 ሲወጣ ጥንዱ አሜሪካ ውስጥ 1,500 ዶላር ነበር፤ ከአራቱ በዋጋ ከርካሾቹ ተርታ ነው ማለት ይቻላል። ሳጥኑ ትንሽ ነው። ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ክፍል የተቀመጠው 13 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው በዋናው ስፒከር እምብርት ላይ ነው፤ ኩባንያው በዚህ አሠራር ከ1988 ጀምሮ ይታወቃል። ሁለቱም ድምፅ ከአንድ ነጥብ ስለሚነሣ ሶፋው ጥግ ላይ የተቀመጠው እንግዳ የሚሰማው መሀል ላይ ያለው ከሚሰማው ብዙም አይርቅም። በማሲንቆ ፈተንኩት፤ የአዝማሪው ድምፅና የማሲንቆው ጭራ ተለያይተው፣ ግን አንድ ሰው እጅና ጉሮሮ ላይ እንዳሉ ሆነው መጡ። ድካሙ ባስ ላይ ነው። ኩባንያው ራሱ በሚሰጠው ልኬት ከ79 ኸርዝ በታች ጉልበቱ መውረድ ይጀምራል። ባለቤቴ ሁለት ዘፈን ሰምቶ "ባሱ የት አለ?" አለ፤ ልክ ነበር።

ሁለተኛው የአሜሪካው ክሊፕሽ ሄረሲ 4 ነው። ፖል ክሊፕሽ ኩባንያውን በ1946 በአርካንሳስ ግዛት፣ ሆፕ በምትባል ከተማ መሠረተ። ሄረሲ የተባለው ስፒከር መጀመሪያ የተሠራው በ1957 ነው። ስሙ "ኑፋቄ" ማለት ነው፤ ስፒከር ከክፍሉ ማዕዘን ላይ ካልቆመ የሚል አቋም በነበረው ቤት ከማዕዘን ርቆ የሚቆም ሳጥን መሥራት በእርግጥም እንግዳ ትምህርት ነበር። ባለ 12 ኢንች የባስ ስፒከር አለው። መካከለኛውና ቀጭኑ ድምፅ የሚወጣው እንደ ጡሩንባ አፍ ከተከፈቱ ቀዳዳዎች ነው። አንድ ዋት ተሰጥቶት በአንድ ሜትር ርቀት 99 ዴሲቤል (የጩኸት መለኪያ ነው) ይጮኻል፤ ኬኢኤፉ በዚያው ልክ 85 ነው። ልዩነቱ በወረቀት ላይ 14 ብቻ ይመስላል። ነገር ግን ዴሲቤል በ3 በጨመረ ቁጥር የሚያስፈልገው ኃይል እጥፍ ስለሚሆን፣ ኬኢኤፉ እኩል እንዲጮኽ 25 እጥፍ ዋት ይፈልጋል።

የነሐስ ሙዚቃ መሣሪያዎች ያሉባቸውን የድሮ ሸክላዎች በሄረሲ መስማት ደስታ ነው። ትራምፔቱ ሲገባ ደነገጥኩ፤ አዳራሽ ውስጥ የቆምኩ መሰለኝ። ከበሮውም ደረቅና ፈጣን ነው። ባለቤቴ ከዚህ ስፒከር ሊለይ አልፈለገም። እኔን ያስቸገረኝ ሁለት ነገር ነው። ባሱ እስከ 48 ኸርዝ ብቻ ስለሚወርድ ያን ያህል ትልቅ ሳጥን አስገብቶ የሬጌው ከሁሉ ዝቅ ያለው ኖታ አሁንም በሙሉ ጉልበቱ አይመጣም። ከዚያም በካሴት ዘመን የተቀዳ ዜማ ሲከፈትበት የቀረጻውን ሻካራነት ጎልቶ እንዲሰማ ያደርገዋል። ሲወጣ ጥንዱ ወደ 3,000 ዶላር ገደማ ነበር። ጥሩ ጎኑ አነስተኛ ዋት ያለው አሮጌ አምፕሊፋየር ያላቸው ሰዎች ሌላ መግዛት አያስፈልጋቸውም።

ሦስተኛው ሃርቤት ነው፤ እኔ የወደድኩት። በ1977 የመሠረቱት ዱድሊ ሃርውድ የቢቢሲ የምርምር ክፍል መሐንዲስ ነበሩ። በዚያ ክፍል የስፒከር ጥራት ይፈተን የነበረው ከሁሉ በላይ በሰው ንግግር ነው፤ የሰው ድምፅ እንዴት እንደሚሰማ ሁላችንም ስለምናውቅ ማታለል አይቻልም። ሌሎች ኩባንያዎች ሳጥኑ ፈጽሞ እንዳይነቃነቅ በወፍራም እንጨት ሲያጥሩት፣ ሃርቤት ስስ ጣውላ ይጠቀምና ንዝረቱ የሰው ድምፅ ከሚገኝበት ክልል በታች ወርዶ እንዲረግብ ያደርጋል።

በገናዬን የከፈትኩት በዚህ ላይ ነው። በገና የሚያውቅ ሰው የሚጠብቃት አንዲት ነገር አለች፦ በአውታሩና አውታሩ በሚያርፍበት ድልድይ መካከል የምትገባው ቁራጭ ቆዳ፣ እንዚራዋ፣ የምትፈጥረው ንዝረት። ደካማ ስፒከር ያን ንዝረት እንደ ተበላሸ ድምፅ ያቀርበዋል፤ አንድ እንግዳ ስፒከራችን የተቀደደ መስሎት ያውቃል። ሃርቤቱ ላይ ንዝረቱ ከእያንዳንዱ አውታር ጋር ተነሥቶ፣ ከአውታሩ ጋር ሲደክም ይሰማል፤ የደርዳሪው ጣት ቆዳና ጅማት ሲነካ እንኳ ይለያል። ዓይኔን ጨፍኜ ቆየሁ። ዋጋው ግን ከሁለቱም ይወደዳል። በአንድ ዋት የሚሰጠው 86 ዴሲቤል ገደማ ስለሆነ ደህና አምፕሊፋየር ይፈልጋል። ማቆሚያውም ራሱን የቻለ ወጪ ነው። ዝግ አድርገው የሚሰሙና የሰው ድምፅ የሚያስቀድሙ ጥንዶች ከሆናችሁ ከዚህ በላይ አትፈልጉ እላለሁ። ሬጌ ለሚያስጮኽ ቤት ግን ብቻውን አይበቃም።

አራተኛው ማግኔፓን ሳጥን የለውም። ሚኒሶታ ውስጥ፣ ዋይት ቤር ሌክ በምትባል ከተማ የሚሠራ፣ ስስ ሽፋኑ በማግኔት ኃይል ከፊትም ከኋላም አየር የሚያነቃንቅ ጠፍጣፋ ሰሌዳ ነው። ትንሹ ሞዴል እንኳ ቁመቱ ከ120 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል። የፒያኖን ግዝፈት እንደ እሱ ያቀረበልኝ የለም። ሆኖም የኋላው ድምፅ እንዲተነፍስ ከግድግዳ አንድ ሜትር ያህል መራቅ አለበት፤ ኃይለኛ አምፕሊፋየርም ይፈልጋል፤ ባሱ ቀጭን ነው። አራት በአምስት ሜትር ሳሎን ውስጥ ልጅና እንግዳ እየተመላለሰ አንድ ሜትር ወለል ለስፒከር መስጠት አልቻልንም። የተለየ የማዳመጫ ክፍል ላላቸው እንጂ ለሳሎን አልመክረውም።

ብዙ ሰው ባወርስ ኤንድ ዊልኪንስን ይጠይቃል። የዚህ ኩባንያ ስፒከሮች በለንደኑ አቢ ሮድ ስቱዲዮ ለረጅም ጊዜ ያገለገሉ ናቸው። 805 ዲ4 የሚባለው፣ ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ክፍል ከአልማዝ የተሠራው፣ በ2021 ሲወጣ ጥንዱ 8,000 ዶላር ነበር። ውብ ዕቃ ነው፤ ነገር ግን ትንሽ ሳጥን እንደመሆኑ እሱም ቢሆን በባስ በኩል ረዳት ይፈልጋል። በዚያ ዋጋ ረዳት መፈለጉ ለእኛ ነገሩን ዘጋው።

የገዛነው ኬኢኤፉን ከአንድ ሳብዉፈር፣ ማለትም ባስ ብቻ ከሚያወጣ ሳጥን ጋር ነው። ሳብዉፈሩ ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ድምፅ ይወስዳል፤ ከዚያ በታች ያለ ድምፅ ከየት እንደመጣ ጆሮ ስለማይለይ ሳጥኑን ከሶፋው ጎን አስቀመጥነው። እዚህ ላይ ነው ጥንዶችን የሚመለከተው ዋና ነጥብ፦ ባሱ የራሱ ቁልፍ አለው። ባለቤቴ ቅዳሜ ከሰዓት ከፍ ያደርገዋል። እኔ ማታ ዋናውን ድምፅ ዝግ ሳደርግ፣ ጆሮዬ የሚያጣውን ያህል ባሱን ትንሽ ከፍ አደርጋለሁ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ለታችኛው ጎረቤት ስንል እናጠፋዋለን። ትልልቆቹ ስፒከሮች ይህን ሁሉ በአንድ ሳጥን አጣምረው ስለሚሰጡ የሁለታችንንም ፍላጎት በየጊዜው ማስተካከል አይቻልም ነበር።

ቦታውን ለማግኘት ቀላል ዘዴ አለ። ሳብዉፈሩን ለጊዜው ሰው የሚቀመጥበት ሶፋ ላይ አስቀምጡት፤ ባስ ያለበት ዘፈን ክፈቱ፤ ከዚያ ወለሉ ላይ ተንበርክካችሁ በግድግዳዎቹ ዙሪያ እየተንቀሳቀሳችሁ ስሙ። ባሱ እኩል ሆኖ፣ ምንም ኖታ ሳያገሳ የሚሰማበትን ቦታ ስታገኙ ሳብዉፈሩን እዚያ አኑሩት። ባለቤቴ ይህን ሲያደርግ ግማሽ ቀን ፈጀበት፣ ሲኒዎቹ ግን ከዚያ ወዲህ አልተንጫጩም። ከሥሩ ወፍራም የጎማ ምንጣፍ ማድረግም ወደ ታችኛው ቤት የሚወርደውን ንዝረት በመጠኑ ይቀንሳል።

በመደብር ስታነጻጽሩ ሁለት ነገር አትርሱ። አንደኛው ድምፃቸውን እኩል ማድረግ ነው። ትንሽ ጮክ ያለው ሁልጊዜ የተሻለ ስለሚመስል ሻጩ ሳያስበው እንኳ ሊያሳስታችሁ ይችላል፤ በስልክ ላይ የሚጫን የድምፅ መለኪያ ይዛችሁ በተቀመጣችሁበት ቦታ እኩል መሆናቸውን አረጋግጡ። ሁለተኛው ዓይንን መጋረድ ነው። እኛ በመጨረሻው ዙር፣ መደብሩ ለሁለት ሳምንት አውሶን ኬኢኤፉና ሄረሲው እቤት በነበሩበት ጊዜ፣ ነጠላዬን ከፊታቸው ሰቀልነው። ሽመናው ስስ ስለሆነ ድምፁን ብዙም አያፍነውም፤ ቢያፍነውም ሁለቱንም እኩል ነው። እኔ ስቀያይር ባለቤቴ ፈረደ፣ እሱ ሲቀያይር እኔ ፈረድኩ። ሳብዉፈሩ የተጨመረለትን ኬኢኤፍ ባለቤቴ ከአምስት ዘፈን በአራቱ መረጠ፤ የቀረው አንዱ የነሐሱ ሸክላ ነበር፣ እዚያ ላይ እኔም ሄረሲውን መርጫለሁ።

ስለ ውድ ሽቦ ለሚጠይቁ፦ ደህና ውፍረት ያለው ተራ የመዳብ ሽቦ ይበቃል፤ የተረፈውን ገንዘብ ምንጣፍ ግዙበት።

ምንጣፍ ስል እንዲያው አይደለም። አዲስ አበባ ያለችው እህቴ ኮንዶሚኒየም ቤቷ ውስጥ ተመሳሳይ ችግር ገጥሟት ነበር፣ ግን በተቃራኒው። የእኛ የጂፕሰም ግድግዳ ባሱን ወደ ጎረቤት ያሳልፈዋል፤ የእሷ ግድግዳ ኮንክሪት፣ ወለሉም ሴራሚክ ስለሆነ ባሱም ቀጭኑም ድምፅ ውስጥ ይቀራል። ቃል ከቃል ይደባለቅባት ነበር። ስፒከር ልትለውጥ ስትነሣ መጀመሪያ ወፍራም ምንጣፍ፣ ከባድ መጋረጃና ከስፒከሮቹ ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ላይ መጽሐፍ የሞላ መደርደሪያ እንድታደርግ መከርኳት። አሮጌዎቹ ስፒከሮች አሁንም እሷ ጋር ናቸው።

ከአሜሪካ ወደ ኢትዮጵያ ዕቃ ለምትልኩ ደግሞ፣ ሽቦ ብቻ የሚገባበት ተራ ስፒከር ምንም ችግር የለበትም። አምፕሊፋየር፣ ሳብዉፈርና በውስጡ አምፕሊፋየር የተገጠመለት ስፒከር ግን ከጀርባው የተጻፈውን አንብቡ፤ 120 ቮልት ብቻ ከሆነ በአገር ቤቱ 220 ቮልት ይቃጠላል። ሸክላ ማጫወቻ ካለበት ጭምር ተጠንቀቁ። አንዳንዶቹ ሞተራቸው ፍጥነቱን የሚይዘው ከመብራቱ ስለሆነ ለ60 ኸርዝ የተሠራው በ50 ኸርዝ ሲሰካ ቮልቱ በትራንስፎርመር ቢስተካከል እንኳ ዘፈኑ ስድስተኛ ያህል ይዘገያል፤ የዘፋኙም ድምፅ ይወፍራል። ያን ጊዜ ስፒከሩን አትውቀሱ፤ የሞተሩን ዓይነት እዩ።